አዝመራ ሰው

የአዝመራ ልጅ ብርቄ ደውላ «እናቴ አረፈች» ስትለኝ መዝገብ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፤ ብቻ ባለጉዳዮቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ፣ አንዲት አሮጊት ደግሞ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። እነሱ የሚኖሩበት ቡሬ ሩቅ አይደለም። በዚያ ሳምንት ግን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሯ አልደረስኩም። ለሰልስቷ ስደርስ የድንኳኑን ሰው ብዛት አይቼ ደነገጥኩ። ከሽንዲ የመጣ አለ፣ ከጅጋ በእግሩ የመጣ አለ። ለአንዲት በርበሬ ለቃሚ!

እንደ ለቀስተኛ አንገቴን ደፍቼ ለመቀመጥ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። አጠገቤ የነበሩ ሰው «እርስዎ ደግሞ ከየት ያውቋታል?» ብለው ጠየቁኝ። ጀመርኩላቸው። እያወራሁ በሄድኩ ቁጥር ድምፄ እየጨመረ፣ እጄ እየተወናጨፈ፣ መጨረሻ ላይ ድንኳኑ በሙሉ እኔን ያዳምጥ ነበር። ምን ላድርግ? ስለ አዝመራ ቀስ ብዬ ማውራት አልችልም። ይኸው አሁን ስጽፍ እንኳ ልቤ ይመታል።

ፍኖተ ሰላም መጥቼ በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የተቀጠርኩት ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነው። ሥራዬ አቤቱታ መቀበል፣ ማኅተም መምታት፣ የጎደለውን «ጎድሏል» ብሎ መመለስ ነበር። መመለሱ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው በአንድ ቃሌ ከሽንዲ መጥቶ ሽንዲ ሲመለስ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ጥቁር፣ ረዥም ሴት መስኮቴ ላይ ቆመች። ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። ከእኔ በብዙ ዓመት እንደምትበልጥ እያየሁ «አንቺ» አልኳት። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

«ምን ነበር?»

«ነፃ ነሽ የሚል ወረቀት ፈልጌ ነው፣ ጌታዬ። ለእኔና ለልጄ።»

«ተከሰሽ ነበር?»

«አልተከሰስኩም።»

«ታስረሻል?»

«አልታሰርኩም።»

«ታዲያ ከምንድን ነው ነፃ የምትባይው?»

ትንሽ አሰበች። «ከሰው» አለች።

ከጎኔ የነበረው ባልደረባዬ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «ባሪያ ነሽ እንዴ?»

«እነሱ እንደዚያ ይሉናል።»

«በሕጋችን እኮ ባሪያ የሚባል ነገር የለም። ከቀረ ስንት ዘመኑ!»

«እሰይ!» አለች። የምር ደስ አላት፤ ፊቷ ሁሉ በራ። «እንግዲያ ከሌለ፣ እንደሌለ ጻፉልኝና ይዤ ልሂድ።»

አልጻፍኩላትም። ስለ አንድ ሠርግ ልትነግረኝ ጀምራ ነበር፤ አላስጨረስኳትም። «ቀበሌሽን ጠይቂ» ብዬ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራሁ።

ሦስት ሳምንት ቆይታ ተመልሳ መጣች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃለች። ዓይኗ አብጧል።

«ልጄን ወሰዷት» አለችኝ። «ያን ጊዜ ልነግርህ ነበር እኮ።»

በቁጣ አልነበረም ያለችው። በቁጣ ብትለው ይሻለኝ ነበር። መስኮቱን ዘግቼ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነገረችኝ።

ያደገችው ከሽንዲ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ባለጸጋ ቤት ነው። የወይዘሮዋ ባል በሕይወት ሳሉ ከቆላ ይዘዋት ሲመጡ የወተት ጥርሷ ገና አልወለቀም ነበር። እህል የሚሰበሰብበት ወቅት ስለነበር አዝመራ አሏት። ከዚያ በፊት ማን ትባል እንደነበር አታስታውስም። ውኃ ቀድታ፣ ፈጭታ፣ በረት ጠርጋ አደገች። አንድ ዓመት ለአጨዳ ከመጣ የቀን ሠራተኛ ብርቄን ወለደች፤ አጨዳው ሲያልቅ ሰውዬው ሄደ። ብርቄም መራመድ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ ትታዘዛለች።

«ይመቱሽ ነበር?» አልኳት።

«ይህን ያህል አይመቱኝም። ክፉ ሰዎችም አይደሉ። ግን እዚህ እስክመጣ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ልሂድ ብዬ ሄጄ አላውቅም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የመጨረሻ ሴት ልጃቸውን መራዊ ላለ እህል ነጋዴ ዳሩ። ብርቄ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ለሙሽራዋ አገልጋይ ትሁን ተባለና ከአልጋውና ከሳጥኑ ጋር መኪና ላይ ጫኗት። አዝመራ መጀመሪያ እኔ ዘንድ የመጣችው ይህን ለማስቀረት ነበር። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማንንም ሳታስፈቅድ ተነሥታ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ እኔ ዘንድ! እኔ ደግሞ ቀበሌሽን ጠይቂ አልኳት።

ኮሌጅ ሳለን አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባል ተምረናል። ከሕግ ውጭ የተያዘን ሰው፣ የያዘው ማንም ይሁን ማን፣ ዳኛ ፊት አምጣው የሚያሰኝ ነው። ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ሲሠራበት ግን አይቼ አላውቅም። እዚያው አግዳሚ ላይ ትዝ ሲለኝ ዘልዬ ተነሣሁ! ቅጹን አመጣሁ።

«ስም?»

«አዝመራ።»

«የአባት ስም?»

የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«የአባት ስም ካልተሞላ መዝገብ አይከፈትም» አልኳት። እንደ ቀድሞው ልመልሳት ፈልጌ አይደለም፤ ያን ቦታ ባዶ መተው አይቻልም ነበር።

ቅጹን ትኩር ብላ አየችው። ማንበብ አትችልም። «አባቴን አላውቀውም» አለች። «ግን ሰው ነበር። ሰው ብለህ ጻፍ።»

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከዚያ ጻፍኩት። አመልካች፣ አዝመራ ሰው። ባልደረባዬ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አየና በዚህኛው ጊዜ አልሳቀም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ የገበያ ቀን ላይ ዋለ። ወሬው ተሰምቶ ስለነበር ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። አዝመራ ብቻዋን ናት። ዳኛው ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። መዝገቡን ገልጠው መነጽራቸውን አስተካከሉና «አመልካች፣ እርስዎ ይናገሩ» አሉ።

አዝመራ ዞራ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ማንም የለም።

«እርስዎን ነው» አሉ ዳኛው።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኔን?» አለች።

ስንት ዓመት ቆይታ ያን ቀን ስታነሣብኝ «ለእኔ የተፈረደልኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው» ትለኝ ነበር። እኔ ግን እዚያው የጸሐፊው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ፣ ይቺን ሴት አንቺ ያልኩበት አፌ ነደደኝ። በኋላ አንቱ ልላት ብሞክር ራሷ ከለከለችኝ። «አንቱታውን ለዳኛው ተወው፤ አንተ ወንድሜ ነህ» አለች። ስለዚህ እትዬ አልኳት፤ እስከ መጨረሻው እትዬ አዝመራ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተራቸው ሲደርስ እንባቸው መጣ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይቺ እኮ ልጄ ናት! በእጄ ነው ያሳደግኳት። ብርቄም የልጅ ልጄ ናት። አክስቷ ዘንድ ሄደች እንጂ ማን ያዛት?»

ዳኛው ለአዝመራ «ጥያቄ አለዎት?» አሏት።

ወደ ወይዘሮዋ ዞረች። «እሜቴ፣ ልጅዎ ነኝ?»

«ነሽ እንጂ!»

«ልጆችዎ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ የት ነበርኩ?»

«ቤት... ቤት ነበርሽ።»

«የምተኛውስ የት ነው?»

«ከበረቱ ጥግ ነው። ይሞቃል ብዬ እኮ ነው።»

ከኋላ ሰው ሳቀ፤ ፖሊሱ ገሠጸው።

«ልጆችዎን ሁሉ ድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ሠርግ ጠላ የጠመቅሁት እኔ ነኝ። እኔንስ ለማን ዳሩኝ?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ብርቄን ሲወስዷት ማንን አስፈቀዱ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የምር ገረማቸው። ቀና አሉና ሁላችንንም እያዩ፣ ይህን ደግሞ ስሙልኝ በሚል ድምፅ፣ «ያንቺን ፈቃድ ልጠይቅ?!» አሉ።

በቃ! አለቀ! ዳኛው ብዕራቸውን አነሡ። እኔ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እንደነበር ያወቅሁት ጸሐፊዋ ኮቴን ጎትታ ስታስቀምጠኝ ነው። ልጅቷን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘው እንዲቀርቡ ታዘዘ።

ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎቹ ከበቧት። «ነገሩ በዕርቅ ይለቅ፤ አንቺም ወደ ቤትሽ ግቢ» አሏት። ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። አቤት፣ ተሸነፈች አልኩ። ከዚያ ተነሣችና «አባቶቼ፣ እኔ አዝመራ ነኝ» አለች። «አንዴ ታጭጃለሁ፤ ተመልሼ ማሳው ላይ አልተከልም።»

የጎጃም ሽማግሌ መቼም ቃል ያውቃል። አንደኛው ሳያስበው ፈገግ ብሎ ጢሙን ዳበሰ። ዕርቁ እዚያ ላይ ቀረ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ብርቄን አመጧት። አዲስ ቀሚስ አልብሰዋታል፣ ፀጉሯን ሹሩባ ሠርተዋታል፣ አዲስ ጫማዋ ጠቧት እያነከሰች ትሄዳለች። እናቷን ስታይ ልትሮጥ አለችና ወይዘሮዋን አይታ ቆመች።

«ብርቄ» አሉ ዳኛው፣ «ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?»

«ከሙሽራዋ ጋር» አለች ቶሎ፣ እንደ ተሸመደደ ትምህርት።

የወይዘሮዋ ጠበቃ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። አዝመራ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ብሆን እጮህ ነበር።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ያ በር ክፍት ነው» አሉ። «ከአሁን ጀምሮ ወደ ፈለግሽበት መሄድ ትችያለሽ። ማንም አይነካሽም።»

ልጅቷ በሩን አየች። ከዚያ ወይዘሮዋን አየችና በቀጭን ድምፅ «ልሂድ?» አለቻቸው።

«እሳቸውን አትጠይቂ» አሉ ዳኛው። «እኔንም አትጠይቂ።»

ብርቄ አንድ እግሯን አነሣች። ሌላውን አስከተለች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ሮጠች! በባዶ እግሯ፣ አግዳሚዎቹን ሰንጥቃ፣ በሩን አልፋ፣ እንደ ተፈታ ጥጃ ሮጠች! አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሣ። ፖሊሱ ሊከተላት ሲል አዝመራ «ተዋት!» ብላ ጮኸች። «ተዋት፣ ትሩጥ!» ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሁለቱን አንድ ላይ ታደርጋለች።

እኔ ደጃፉ ላይ ደርሼ አየሁ። በግቢው በር ወጥታ፣ ባጃጆቹን አልፋ፣ አስፋልቱን ይዛ ሄደች። ሩቅ ደርሳ ዞር አለች። ማንም አይከተላትም። ቆመች። መሐል መንገድ ላይ ቆማ አየችን፤ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋባት እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። የሚከተለኝ የለም የሚለውን ነገር እያሰበችበት ይመስለኛል። ከዚያ ተመለሰች። አልሮጠችም፤ ቀስ ብላ፣ እያለከለከች፣ እንደ ልቧ እየተራመደች መጣች። በአጠገቤ አለፈች፣ በወይዘሮዋ አጠገብ አለፈች፣ እናቷ ጎን ሄዳ ቆመች።

«ከእናቴ ጋር» አለች ለዳኛው።

ትእዛዙ ያን ዕለት ተጻፈ። አዝመራም ሆነች ብርቄ የማንም ንብረት እንዳልሆኑ፣ በፈለጉት ቦታ መኖር እንደሚችሉ፣ ወንጀሉ ደግሞ በዐቃቤ ሕግ እንዲጣራ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በኋላ ተከሰው ጥፋተኛ ተባሉ፤ ዕድሜያቸው ታይቶ ቅጣታቸው በገደብ ሆነ። ግልባጩን ለአዝመራ ኮሪደሩ ላይ አነበብኩላት። «እንደገና» አለች። አነበብኩ። «እንደገና።» ሦስተኛው ላይ እኔ ራሴ ሳነብ ድምፄ ተቆራረጠ፤ ብርቄ «ጋሼ እያለቀሰ ነው» ብላ አጋለጠችኝ።

እናትና ልጅ ቡሬ ገቡ። አዝመራ በርበሬ መጋዘን ውስጥ የበርበሬውን ጭራ እየቀነጠሰች መልቀም ጀመረች፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥሱ ከሚውሉ ሴቶች ጋር እያስነጠሰች ትስቃለች። ብርቄ ዘግይታም ቢሆን ትምህርት ቤት ገባች። አዝመራ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ለበሯ ቁልፍ ስትገዛ አብሬያት ነበርኩ፤ ሻጩን «ከውስጥም ከውጭም እኔ ብቻ የምከፍተው ነው?» ብላ ሦስቴ አስመሰከረችው።

አንድ ጊዜ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሳቸው ሊጠይቋት መጡ። ተቀበለቻቸው፣ አበላቻቸው፣ አንቱ አለቻቸው። እሜቴ ግን አላለቻቸውም። «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ይጨምሩ እንጂ» አለቻቸው። የአሮጊቷ ጉርሻ ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ። ከዚያ ጎረሱ።

አዝመራ ግን የራሷ ነገር ካለቀ በኋላ እንኳ ፍርድ ቤቱን አልተወችውም! በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ አንድ ሰው እጁን ይዛ ትመጣለች። በሰው ቤት ያለፈቃዷ የተያዘች ሴት ናት፣ ወይም ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ሳይነገረው ያረጀ ከብት ጠባቂ ነው። ከየት እንደምታገኛቸው አላውቅም፤ ገበያ ላይ ሰው ሸክም ሲያወርድ ቀና ብሎ ካላየ አውቀዋለሁ ትለኛለች። ጠረጴዛዬን በሁለት ጣቷ ትመታና «ጻፍ፣ ወንድሜ» ትለኛለች። ሁሉም አልተሳካም። አንዷ ከቀጠሮዋ በፊት ፈርታ ተመለሰች፤ አዝመራ ያን ሳምንት እህል አልቀመሰችም። የተሳካላቸው ግን ነበሩ፤ ድንኳኑን የሞሉት እነሱ ናቸው።

አባ ጫኔን ያመጣቻቸው ከጅጋ ገጠር ነው። ሰባ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቤት፣ ለአባት፣ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ታዘዋል። ዳኛው ነፃ ነዎት፣ ማንም አያዝዎትም ሲሏቸው እጅ ነሡ። ደረጃውን ወርደን ግቢው ውስጥ ስንደርስ ግን ቆሙ።

«አሁን ወዴት ልሂድ?» አሉ።

እኔን ነበር የጠየቁኝ። ያን ሁሉ ጊዜ መዝገብ ስከፍትና ስዘጋ፣ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ስፈነጥዝ፣ ይህን አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር። አዝመራ ክንዳቸውን ያዘች። «እኛ ቤት ነዋ» አለች።

በነጋታው የበዓል ቀን ስለነበር ቡሬ ሄድኩ። እንዴት እንዳደሩ ማየት ነበረብኝ። አባ ጫኔ ከማለዳ ጀምሮ ሥራ ስጡኝ እያሉ አስቸግረዋታል። መጥረጊያ ቢያነሡ ቀማቻቸው፣ ጀሪካን ቢያነሡ ቀማቻቸው። «ዛሬ ምንም አይሠሩም» አለቻቸው፣ ወገቧን ይዛ። «ነገ ከፈለጉ መጋዘኑ ይወስድዎታል፣ በደመወዝ። ዛሬ ግን ቁጭ ይላሉ።»

ደጃፉ ላይ በርጩማ አወጣችላቸው። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጡ፣ ሊነሡ እንደተዘጋጁ። ከሽንዲ የሚመጣው አውቶቡስ አለፈ፣ የበርበሬ ጆንያ የተጫኑ ጋሪዎች አለፉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ሰላም አላቸው። ብርቄ ደብተሯን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። ምሳ በላን። ከሰዓት ሆነ። አባ ጫኔ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተለጥጠው ግድግዳውን ተደገፉ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ወደ አዝመራ ዞሩ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር የተገለጠለት ሰው መደነቅ ነበር።

«እኔ እምለው» አሉ፣ «ቀን እንዲህ ረዥም ነው እንዴ?»

አዝመራ ሳቀች። እስክትታጠፍ ድረስ ሳቀች፤ እጇ ላይ የበርበሬው ማቃጠል ስላለ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።

«ነው እንጂ፣ አባ» አለቻቸው። «ነገም ደግሞ አለ።»

ሽማግሌው ይህን ጥቂት አሰቡበት። ከዚያ ብድግ አሉና በርጩማቸውን ወደ መንገዱ ትንሽ አስጠግተው ተቀመጡ።